ስድስተኛው ገጽ ሲቀድም

ከባለቤቴ ከደረጀ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የሙዚቃ ሸክላ ማጠብ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አቀረብኩ። እሱ መሃል ላይ ያለው ወረቀት እንዳይርስ ሁለቱን የቆርቆሮ ክቦች ከላይና ከታች ገጠማቸው። እኔ አጠብኩ፣ እሱ በአሮጌ ነጠላ አደረቀ። ሲጨርስ እንደ ወትሮው ጠየቀኝ።

«በናንተ ቤት ተራ ነው ወይስ በፋብሪካው?»

«ባለፈው እኔ ነኝ የመረጥኩት። ዛሬ ያንተ ነው።»

«እንግዲያው በፋብሪካው። እኔ ሥርዓት ያለው ነገር ይሻለኛል።»

ኦፔራው ሦስት ሸክላ ነው። በፋብሪካው ተራ ሲሰማ ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ ትሞታለች። ሞተች። ደረጀ ተነሥቶ መርፌውን አነሣና «ይቺም አረፈች፤ እራት እንብላ» አለኝ። ሽሮ በላን። የግቢውን በር ቆለፈ፣ ተኛን። ረቡዕ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ልቡ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ የሸክላውን ካርቶን አልነካሁትም ነበር። በቀደም አቧራውን ልጥረግለት ብዬ ክዳኑን ስገልጠው ሽታው ወጣ፤ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የቆየ ወረቀት። ይህ የደረጀ ሽታ አይደለም። ከእሱ በፊት የነበረ ነው። የጋሼ ነው።

ጋሼ ወንድይራድ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የካ ዳገቱ ላይ፣ ከእኛ በላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ እንጂ ሌላ ቤት በሌለበት ቦታ፣ በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። እሳቸው በትልቁ ቤት፣ እኔና እናቴ ከጓሮ ባለችው ክፍል። እናቴ ሾላ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። ጋሼ ባትላሜራ ነበሩ፤ የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ያቀናሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መዶሻ ሲሰሙ ስለኖሩ ግራ ጆሯቸው ጨርሶ ተደፍኗል፤ ቀኙም የሚሰማው ሲገደድ ነው። ስለዚህ ሙዚቃ ሲከፍቱ የቤቱ ቆርቆሮ አብሮ ይዘፍናል።

«ሌላው ዘፋኝ የሚዘፍነው ለሚሰማ ሰው ነው» ትል ነበር እናቴ። «እነዚህ ግን ለወንድሜ ነው የሚዘፍኑት።»

ማጫወቻውንና ሸክላዎቹን የሰጧቸው የሚሠሩበት ጋራዥ ባለቤት የነበሩት ጣሊያን ናቸው። አብዮቱ መጥቶ ጋራዡ ሲወረስ ሰውዬው ሁለት ሻንጣ አንጠልጥለው ሄዱ፤ ሊሸከሙት ያልቻሉትን ለጋሼ ተዉላቸው። ጋሼ ያንን ኦፔራ ለዓመታት የሰሙት በቢሮው ግድግዳ በኩል፣ በሁለት መዶሻ መካከል፣ ቁርጥራጩን ነው። ሰውዬው ሲሰናበቱ ስለ ታሪኩ የነገሯቸው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ደሃ ናት። ትሞታለች። የቀረውን ጋሼ በራሳቸው ሞሉት።

የማስታውሰው ክረምት እኔ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት በበጋው የጋሼ ሚስት እትዬ ትርንጎ ሞተዋል። ልጅ አልነበራቸውም። ድንኳኑ ተነሥቶ ለቅሶ ደራሹ ሲቀር ጋሼ እስከዚያ ቀን ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ የቆየውን ማጫወቻ ገለጡት። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ደግሞ እኔን ጠሩኝ።

«የሺ፣ እጅሽን አሳዪኝ» አሉ።

ዘረጋሁላቸው። መዳፌን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። የእሳቸው ጣት እንደ ሞረድ ነበር።

«የእኔ እጅ ሸክላ ይቧጭራል። ከዛሬ ጀምሮ የምትገለብጪልኝ አንቺ ነሽ።»

የዚያ ክረምት ሥራዬ ይኸው ሆነ፤ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ማስቀመጥ፣ መገልበጥ። የሚታጠበው በእንዶድ አረፋ ነው፤ ሳሙና መርፌው የሚሄድበት ጭረት ውስጥ ይቀራል ይሉ ነበር። ሁለቱን የቆርቆሮ ክቦች የሠሯቸው እሳቸው ናቸው። ዳራቸውን በካላማዳሪ ጎማ ለብጠው፣ መሃላቸውን በብሎን አያይዘው። ሸክላው ሲደርቅ ብል እንዳይገባው ካርቶኑ ውስጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይነሰነሳል። ቅጠሉን የምለቅመው ከግቢያችን አጥር ማዶ ነው፤ ዝናብ ያወረደውን ሳይሆን ከቅርንጫፉ፣ ደረቅ ቀን ጠብቄ።

አሁን ስለ ተራው ልናገር። ሸክላ ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ገጽ ሲያልቅ ይገለበጣል። ይህን የማያውቅ የለም። እኛም እንደዚያው አደረግን። የመጀመሪያው ሸክላ የመጀመሪያ ገጽ ግብዣ ነው፤ ሰዎች ይስቃሉ፣ ሴትዮዋም ከሁሉም በላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ ትዘፍናለች። እገለብጠዋለሁ። በጀርባው ያቺው ሴትዮ ታማለች። ድምጿ ይቀጥናል፣ ይቋረጣል፣ አንድ ጊዜ በኃይል ይነሣና ጸጥ ይላል፤ ወንዶቹ ያለቅሳሉ። ከዚያ ሁለተኛውን ሸክላ አወጣለሁ። መርፌው ሲያርፍ ሴትዮዋ ደኅና ሆና ትዘፍናለች።

መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ግራ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ሞታ አልነበር እንዴ?»

«ሞታ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ተነሥታለቻ። ስትዘፍን አትሰሚያትም?»

አመንኩ። ከዚህም አልፌ፣ የምትነሣው እኔ በደንብ ስለምገለብጥ ነው ብዬ አመንኩ። ጣቴ ጭረቱን ቢነካው ሞታ የምትቀር ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት እጄን እስከ ክርኔ እታጠባለሁ። ቂጣ ሳቦካ እንደዚያ ታጥቤ እንደማላውቅ እናቴ ትነግረኝ ነበር።

በእኛ ተራ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ገጽ የሕዝብ ነው። መለከት አለ፣ ከበሮ አለ፣ ስንት እንደሆኑ የማይታወቁ ወንዶችና ሴቶች አንድ ላይ ይዘፍናሉ፤ እሷም በመካከላቸው አለች። ጋሼ እዚያ ሲደርሱ ቀኝ ጆሯቸውን ከድምጽ ማጉያው ጨርቅ ጋር ያገናኙና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሲያልቅ «ወጣች» ይላሉ። ከምን እንደወጣች አልጠየቅኋቸውም።

ጋሼ ሸክላ ይሰበስቡም ነበር። ከተማውን ለቀው ከሚሄዱ ሰዎች፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ፣ መኪናው ከተጋጨበት ሰው። አንድ ቀን እናቴን ልናግዝ ሾላ ወርደን ቅቤ ተራ ስናልፍ ጋሼ ቆሙ። አንዲት ቅቤ ሻጭ ማሰሮዋን የከደነችው በሸክላ ነው።

«እመቤት፣ ይህን ክዳን ከየት አመጡት?» አሉ ጋሼ እየጮሁ።

«ቀስ ይበሉ፣ ቅቤዬ ይቀልጣል» አለች ሴትዮዋ። «የማገለግላቸው ፈረንጆች ጥለውት ሄዱ።»

«በሌላ ክዳን ይለውጡኛል?»

«የእርስዎ ክዳን ይዘፍናል?»

«አይዘፍንም። ይገጥማል ግን።»

የማሰሮውን አፍ በክር ለክተው ሄዱ፤ በማግስቱ እጀታ ያለው የቆርቆሮ ክዳን ይዘው መጡ። ልክክ አለ። ሴትዮዋ ክዳኑን ሦስት ጊዜ ከፈተች፣ ሦስት ጊዜ ዘጋች፣ ሸክላውን በኮባ ጠቅልላ ሰጠችን። ሁለት ጊዜ በእንዶድ አጠብኩት። ብቻውን የሚዘፍን ወንድ ነበረበት፤ ድምጹ ሰፊ ነው። ማጫወቻው ሲሞቅ ግን ቤቱ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸት ጀመር። ጋሼ «ይሄኛው የበላ ዘፋኝ ነው» አሉ። እትዬ ትርንጎ ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ነሐሴ ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታምሩ መጡ። ቀድሞ ጫማ ሻጭ ነበሩ። ከኋላቸው ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ነበረ። ከመንገድ ላይ ሰምተው ነው የገቡት።

«ጓድ ወንድይራድ፣ ይሄ ጩኸት ምንድን ነው?»

«ኦፔራ ነው» አሉ ጋሼ።

«የማን?»

«የእኔ።»

«የየትኛው መደብ ነው ማለቴ ነው።»

ጋሼ አሰቡ። «ሴትዮዋ ደሃ ናት» አሉ።

ጓድ ታምሩ ማጫወቻውን ዞረው አዩት። የቀበሌው የኪነት ቡድን ማጫወቻ እንደሌለው፣ የባላባት ለቅሶ በግለሰብ ቤት ከሚጮህበት ለሰፊው ሕዝብ ቢያገለግል እንደሚሻል ተናገሩ። «እሑድ ስብሰባ ላይ ይዘውት ይምጡ። ሕዝቡ ይወስናል።»

ሕዝቡ ይወስናል ማለት ምን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። የጎረቤታችን የስፌት መኪና እንዲሁ ተብሎ ሄዶ አልተመለሰም።

«ስጣቸውና ይቅር፣ ወንድሜ» አለች እናቴ ሰዎቹ ሲወጡ። «ዕቃ ነው።»

ጋሼ እጃቸውን ማጫወቻው ላይ አሳረፉ፤ ያልሰሙ መስሎኝ ነበር።

«ከሥራ ስመለስ ይህ ቤት ጸጥ ካለ እኔ አልገባበትም» አሉ በኋላ። «ውጭ አድራለሁ እንጂ አልገባም።»

ቅዳሜ ሸክላዎቹን ለስብሰባው ሳጥብ የቆርቆሮውን ክብ ከማጥለቄ በፊት ወረቀቱን አየሁት። ጽሑፉ የጣሊያን ነው፤ ቁጥሩን ግን በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ባንዱ ገጽ አንድ ይላል። በጀርባው ስድስት። ሁለተኛውን አነሣሁ፤ ሁለት፣ በጀርባው አምስት። ሦስተኛው ላይ ሦስትና አራት። ለጋሼ አሳየኋቸው።

«በቁጥሩ አጫውቺው እስቲ» አሉ።

ከአንድ እስከ ስድስት አጫወትኩት። አንዱን ሸክላ አውርጄ ሌላውን እየሰቀልኩ፣ መልሼ የፊተኛውን እየፈለግኩ። ሕዝቡ መሃል ላይ ዘፈነ። ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ ሞተች። መርፌው ባዶውን ሸክላ ይፍቅ ጀመር።

«ገልብጪው» አሉ ጋሼ።

«አልቋል ጋሼ።»

«አላለቀም። ገልብጪው።»

«የቀረ ገጽ የለም።»

ተነሥተው ራሳቸው መርፌውን አነሡት። ሸክላውን በዚያ ሻካራ እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ቁጥሩን የጻፈው ሸክላውን ያተመው ሰው ነው» አሉ። «እሱ ሥራ ላይ ነበር። ተቀምጦ የሰማው እኔ ነኝ። ነገ እንደ ለመድነው ነው የምናጫውተው።»

እኔ ግን ፈራሁ። ጓድ ታምሩ ቁጥር ማንበብ ይችላሉ።

እሑድ ጋሼ ማጫወቻውን በጋቢ ጠቅልለው ተሸከሙ፤ እኔ ካርቶኑን ይዤ ተከተልኳቸው። የቀበሌው አዳራሽ ሙሉ ነበር። ስብሰባው ተጀመረ፣ ተነገረ፣ ተጨበጨበ፣ ተነገረ። ሊያበቃ ሲል ዝናቡ ወረደ፤ ዳገቱ ጎርፍ ስለሆነ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ጓድ ታምሩ ሰዓታቸውን አዩና «እሺ፣ የጓድ ወንድይራድ ጉዳይ» አሉ።

«ሳይሰማ አይፈረድም» አሉ ጋሼ። «መጀመሪያ ይሰማ።»

ድምጹን እስከ መጨረሻው አዞሩት፤ ዝናቡን አሸነፈው። የመጀመሪያው ገጽ ሲጫወት ከኋላ ወንበር የሚስቁ ነበሩ። አንድ ሰው «ይቺን ሴትዮ ምን ነካት?» አለ። ገጹ አለቀ። ልገለብጥ ሳነሣው ጓድ ታምሩ እጃቸውን ዘርግተው ሸክላውን ወሰዱብኝ። ፊቱን አዩ። ጀርባውን አዩ።

«ጓድ ወንድይራድ፣ ይሄ አንድ ይላል፤ ጀርባው ስድስት። ከአንድ ወደ ስድስት ነው የሚዘሉት? መጨረሻውን ነው መጀመሪያ የሚያሰሙን?»

ጓድ ታምሩ የቆሙት በጋሼ ግራ ጆሮ በኩል ነው። ጋሼ ምንም አልሰሙም፤ ወደ ሕዝቡ እያዩ ይጠብቃሉ። የሚመልስ ከእኔ በቀር አልነበረም።

«እኛ ቤት የምትሞተው መጀመሪያ ነው» አልኩ።

«ለምን?»

«መጨረሻ ላይ ከሞተች ስብሰባው በለቅሶ ያልቃላ።»

አንዱ ሳቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ጓድ ታምሩ አልሳቁም። በዚህ መሃል ከሴቶቹ ወንበር የእናቴ ድምጽ መጣ።

«ልጅቷ እውነቷን ነው» አለች። «በለቅሶ የሚያልቅማ በየቤታችን አለ።»

ሳቁ ቆመ። ያ ዘመን ለማን እንደሚለቀስ እንኳ የሚመረጥበት ዘመን ነበር። እናቴ የተናገረችውን ያወቀችው ከተናገረች በኋላ ይመስለኛል፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችው። ጓድ ታምሩ ሸክላውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ታናሽ ወንድማቸው ጦር ሜዳ ሄዶ ወሬው እንደጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ ግን ገና አላውቅም ነበር፤ የሸክላውን ጭረት ጣታቸው እንዳይነካው ብቻ ነበር የምጨነቀው።

መለሱልኝ። በዳርና ዳሩ ይዘው።

«ቀጥይ» አሉ።

ስድስተኛውን ገጽ አስቀመጥኩ። ሴትዮዋ ድምጿ መቅጠን ሲጀምር አዳራሹ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ አልነበረም። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም፤ የሚሞት ሰው ድምጽ ግን ይታወቃል። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። መጀመሪያ በነጠላቸው ውስጥ፣ ከዚያ ሳይደብቁ። ማን ለማን እንደሚያለቅስ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያለቅሱት ለሸክላዋ ሴትዮ ነበር። የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን አቅፎ ወደ ጣሪያው ያይ ነበር።

ሞተች። ሁለተኛውን ሸክላ አወጣሁ። ጭረቱን እንዳልነካው እየለመንኩ አስቀመጥኩት። መርፌው አረፈ። ተነሣች።

ከመሃል አንዲት አሮጊት «እንዴ» አሉ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል ዝቅ ብለው። «እንዴ፣ ተነሣች እኮ።» ቃሉ ከወንበር ወደ ወንበር ሲሄድ ታየኝ። ተነሣች፣ ተነሣች። ከዚያ በኋላ የሚስቅባት አልነበረም። ዝናቡ አባራ፤ የሚወጣ ሰው አልነበረም። መጨረሻ ላይ መለከቱና ከበሮው መጥቶ ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ላይ ሲዘፍን የእኛም ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ በስብሰባ እንደሚጨበጨበው ሳይሆን በዘፈኑ ምት፣ እንደ ሠርግ ቤት። አሮጊቷ እልል አሉ። ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ጋሼ ያን ሁሉ እልልታ በቀኝ ጆሯቸው ሰምተው፣ አሁንም ወደ ሕዝቡ እያዩ፣ «ወጣች» አሉ።

ጓድ ታምሩ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ማጫወቻው ጋሽ ወንድይራድ ቤት ይቀመጥ» አሉ። «ስብሰባ ሲኖር ይምጣ።» ወደ እኔ ዞረው «ልጅቷም ትምጣ» አሉ።

ጋሼ ማጫወቻውን ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ ከኋላቸው ሠልፍ የሚያህል ሰው ነበር። አንዱ ጋቢውን ይደግፋል፣ አንዱ ጎርፉን እንዲሻገሩ እጃቸውን ይይዛል። እኔ ካርቶኑን ለማንም አልሰጠሁም። እናቴ ከጎኔ እየሄደች «ያንቺ ምላስ አንድ ቀን ያሳስረናል» አለችኝ። «ያንቺስ?» አልኳት። እጄን ጨብጣ ያዘችኝ።

መስከረም ገብቶ ጭጋጉ ሲገለጥ፣ አንድ ጠዋት አጥር ማዶ ቅጠል ስለቅም ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አለፉ። ሸክሙ ስላጎነበሳቸው ፊታቸው አይታይም። በጉሮሯቸው የሚያንጎራጉሩትን ግን አወቅሁት፤ የመጨረሻው ገጽ ነው፣ የሕዝቡ። ሮጬ ጋሼን ጠራሁ። አልሰማም አሉ። እጃቸውን ጎትቼ መንገዱ ዳር አቆምኳቸው። ጎንበስ ብለው ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ሴቶቹ አዞሩ። ከሴቶቹ አንዷ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ባለሸክላው መሆናቸውን አውቃ ድምጿን ከፍ አደረገች፤ የተከተሏትም ከፍ አደረጉ። ጋሼ ሁሉም እስኪያልፉ ቀና አላሉም። ከዚያ ቤት ገቡና የእትዬ ትርንጎን ወንበር ከጥግ አንሥተው ማጫወቻው ፊት አስቀመጡት። «ከዛሬ ጀምሮ ተቀምጠሽ ስሚ» አሉኝ።

ተራው ለምን እንደዚያ እንደሆነ የነገረኝ ደረጀ ነው። ራዲዮ ጠጋኝ ስለነበረ ማጫወቻውን ሊሠራ መጥቶ ነው የተዋወቅነው። ሸክላው ከሚሽከረከርበት ሳህን መሃል የቆመውን፣ ጋሼ «ጣሊያኑ ሳይቆርጠው የረሳው» የሚሉትን ረጅም ብረት እያየ ሳቀ። ሦስቱ ሸክላ ብረቱ ላይ ተደራርቦ ይሰቀላል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይወድቃል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ሦስቱ አንድ ላይ ይገለበጡና አራት፣ አምስት፣ ስድስት ይላል። የአንድ ጀርባ ስድስት የሆነው፣ ሰው ቶሎ ቶሎ እየተነሣ እንዳይቸገር ነው። «ዕድሜ ልካችሁን ተሳስታችሁ ነው የሰማችሁት» አለኝ። «አልተሳሳትንም» አልኩት። በዚህ ስንከራከር ኖርን። እሱ በፋብሪካው፣ እኔ በቤታችን፣ ቅዳሜ በቅዳሜ።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ብቻዬን አጥባለሁ፣ ብቻዬን አደርቃለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ አጫውታለሁ፤ እገለብጠውና ስድስተኛውን አጫውታለሁ። ስትሞት እነሣና ሁለተኛውን ሸክላ አወጣለሁ።